ልጄ፣ ጫማ፣ መስኮት

ወንድሜን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ቤት ውስጥ ጭምቱ ነው፣ ሰፈር ውስጥም ጭምቱ ነው፤ ቆጣሪ ሊያነብ የሚመጣው ሰውዬ እንኳ በር ላይ ቆሞ «ጭምቱ የለም እንዴ?» ነው የሚለው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ቢነቅዝ ኖሮ የሱ ዝምታ ይሄኔ ዱቄት ሆኖ ነበር። ልጆች ሳለን እንግዳ ሲመጣ እኔ የእንግዳው ጭን ላይ ወጥቼ ስለፈልፍ፣ እሱ ከበሩ ኋላ ቆሞ የእንግዳውን ጫማ ይመለከት ነበር። ሰው ጠልቶ አይደለም። የሚለውን ሳያዘጋጅ አፉን መክፈት ይፈራል፤ እስኪያዘጋጅ ደግሞ እንግዳው ይሄዳል።

እኔ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ካስክ ሥር ለተቀመጡ ሴቶች እየጮህኩ ሳወራ ስለምውል ቤት ስገባም ድምፄን መቀነስ እረሳለሁ። አፏ ስል ነው ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። ታላቃችን፣ ጋሼ የምንለው፣ የጭነት መኪናዎች ስምሪት ኃላፊ ነው፤ ሰውንም እንደ ጭነት ያሰማራል። ትዳር ይዞ ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው። እናታችን፣ ጭምቱና እኔ ግን ተለያይተን ኖረን አናውቅም።

ደንበኞቼ «ወንድምሽ ኮምፒውተር ይጠግናል አሉ፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። አይጠግንም። ሥራው ለመናገር የሚያስቸግር ስለሆነ ብዙ ጊዜ «አዎ» ብዬ አልፋቸዋለሁ። እሱ ግን አንድ ቀን በደንብ አስረድቶኛል፤ የዚያን ቀን የተናገረው የዓመቱን ኮታ ሳይጨርስ አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም ሌላ፣ ስክሪን ሌላ። ፕሮግራሙ «እዚህ ጋ መስመር አስምር፣ እዚህ ጋ ይህን ቃል ጻፍ» የሚል መልእክት ይልካል፤ በስክሪኑ በኩል ያለው ተቀብሎ የታዘዘውን ይሥላል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ መሆን የለባቸውም፤ በመካከላቸው ግድግዳ ወይም ባሕር ቢኖርም መልእክቱ ይደርሳል። የሚግባቡበት ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል። ጭምቱ በዚያ ደንብ መልእክት የሚያሽግና የሚፈታ ኮድ ከሚያዘጋጁ ሰዎች አንዱ ነው፤ ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎች እነሱ ያዘጋጁትን ወስደው ይጠቀሙበታል። ሰዎቹ በየአገሩ የተበተኑ ናቸው። አብረው የሠሩት ዓመታት ቀላል አይደሉም፤ የአንዳቸውን ድምፅ ግን ሰምቶ አያውቅም።

የሱ ድርሻ ደግሞ ኮድ የሚጽፍ ኮድ መጻፍ ነው። የእያንዳንዱን መልእክት መልክ አንድ ጊዜ ይገልጻል፤ ከዚያ ማሸጊያውንና መፍቻውን ማሽኑ ራሱ ጽፎ ያወጣዋል።

«ሰነፍ ነህ ማለት ነው» አልኩት።

«አዎ» አለኝ፣ ቅር ሳይለው።

መልእክት በሽቦ የሚያልፈው ተዘርግቶ፣ በአንድ ሰልፍ ነው። ቁጥር ከሆነ ቀላል ነው፤ ልኩ ይታወቃል። አስቸጋሪው ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዝርዝር፣ ከፍተው ካላዩት ምን ያህል እንደሆነ የማይታወቅ። ከድሮው ቤት ስንለቅ እማ ብርጭቆዎቿን ካርቶን ውስጥ ካርቶን አድርጋ እንዳሸገችው ማለት ነው። የሥራ ጓደኞቹ እንዲህ ያለውን «ለማሽን አይሆንም፣ በእጃችን እንጽፈዋለን» ብለው ትተውት ነበር። ጭምቱ ግን ዝምተኛ ይሁን እንጂ ግትርነቱ ለብቻው ነው፤ ማሽኑ ይጽፈዋል ብሎ ያዘ፣ ያዘ ነው።

እማ ጡረታ እስክትወጣ ስልክ ማዞሪያ ነበር የምትሠራው። ረጅም አዳራሽ ውስጥ ሴቶች ተደርድረው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ «ይጠብቁኝ፣ አገናኝዎታለሁ» ሲሉ የሚውሉበት። ያ ሁሉ ጫጫታ ለሷ ሰላም ነበር። ጡረታ ስትወጣ ያስቸገራት የደመወዙ ማነስ አልነበረም፤ የቤቱ ጸጥታ ነው። «ይሄ ቤት ጆሮዬን አሳመመኝ» ትል ነበር፤ ሬዲዮ ከፍታ፣ ለሬዲዮው መልስ እየሰጠች ትውላለች።

ከዚያ ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ከዳት፣ ምላሷ ታሰረ። ግራ እጇ ቀረላት፣ እሱም እየተንቀጠቀጠ። ብዕር መያዝ አልቻለችም። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣት ሦስታችንንም ኮሪደር ላይ አቁሞ «ቃላት ሊምታቱባት ይችላሉ። ውሃ ልትል ፈልጋ ወንበር ልትል ትችላለች። አትቆጧት፣ አታርሟት» አለን። ቃል በቃል ያዝነው። ባንይዘው ይሻለን ነበር፤ ያኔ ግን ማን ያውቃል።

ጭምቱ ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ ተናገረ። «እኔ እንድታወራ አደርጋታለሁ» አለ፣ ሳህን እያጠበ። ከዚያ ጓዳ ከምታህለው የሥራ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

የሠራላትን ነገር ሰሌዳ እንለዋለን። አልጋዋ ላይ በብረት ክንድ የሚዘረጋ ታብሌት ነው፤ ላዩ ላይ ትልልቅ ቃላት ከነሥዕላቸው ተደርድረዋል፤ ሰው፣ ዕቃ፣ ሥራ፣ ስሜት። የፈለገቻቸውን በተራ ትነካለች፣ ስትጨርስ አረንጓዴውን ትነካለች። መልእክቱ ከዚያ ወጥቶ ሁለት ስክሪኖች ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ፣ አንዱ የጭምቱ ጠረጴዛ ላይ። የትም ብንሆን እንድንሰማት ብሎ ነው። ሰሌዳው ራሱ ላይ ግን ምንም አይጻፍም፣ ዐይኗ እንዳይደክም። ቃሉ ብቻውንም አይሄድም፤ በልመና ነው፣ በጥያቄ ነው፣ በቁጣ ነው የሚለውን፣ እሷ ከቃሉ ጎን ነክታ የምትመርጠውን፣ አብሮ ይይዛል፤ ቁጣ በቀይ፣ ልመና በሰማያዊ ይወጣል። ይህ ነው ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ የሚባለው። ሌላ ሰው ቢሆን ቀለል አድርጎ ይሠራው ነበር። እሱ ግን የደከመበት ማሽን ይኸው ለእናቱ ሊውል ነው፤ በእውነት ደስ ብሎት ነበር። ሲያፏጭ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያው ቀን እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ውሃ» የሚል ወጣ፣ በሰማያዊ። ሮጬ ወሰድኩላት፣ ጠጣች፣ በግማሽ ፊቷ ሳቀችልኝ። ወጥ ቤት ተመልሼ አለቀስኩ። ጭምቱ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ምን እንደሚል ሲያዘጋጅ እኔ ለቅሶዬን ጨረስኩ።

«መብራት» ስትል መብራት፣ «ብርድ» ስትል ብርድ ልብስ። ጉዱ የመጣው ከአንድ ቃል በላይ መናገር ስትጀምር ነው። «ውሃ» ያለች ሴትዮ በነጋታው «ሐኪም፣ ማንኪያ፣ ዝናብ» አለች። «ሬዲዮ፣ ትራስ፣ አጎት።» አንዴ ደግሞ ለኔ «ፀጉር፣ መቁረጫ፣ በረዶ» አለችኝ፣ ከ«ፀጉር» በቀር በቀይ። ምን አጠፋሁ ብዬ ገብቼ ብጠይቃት ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ሐኪሙ ያለው ደረሰ አልን። አልተቆጣናትም፣ አላረምናትም። እሺ እማ፣ እሺ እማ፣ እያልን ትራሱን አስተካከልንላት።

ከሁሉም የባሰው ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነበር። ፀሐይ ወደ ጓሮ ስትዞር፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሁለቱም ስክሪኖች ላይ «ልጄ፣ ጫማ፣ መስኮት» ይወጣል። «ልጄ» በሰማያዊ፣ የቀረው በቀይ። በየቀኑ ያው ነው፤ ልጄ፣ ጫማ፣ መስኮት።

ጭምቱ ሁልጊዜ ይነሳላታል፤ በዚህ አይታማም። በሩ ላይ ብቅ ይልና «እማ፣ ምን ላምጣልሽ?» ይላታል። እሷ እጇን ወደ ሰሌዳው ስትዘረጋ ደግሞ ዞር ብሎ ወደ ክፍሉ ይሮጣል፤ የምትለውን ስክሪኑ ላይ ሊያነብ። አስቡት፤ ሴትዮዋ ፊቱ አለች፣ እሱ ግን ከሷ ሸሽቶ ቃሏን ሊያይ ይሮጣል። ጫማዋን ያመጣላታል፣ ያደርግላታል። መስኮቱን ይከፍትላታል። እሷ በደህና እግሯ ጫማውን ትወረውረዋለች። መስኮቱ ሲከፈት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ብቻውን «መቀመጥ» አለች፤ ሁለታችን ብብቷን ይዘን ቀና አድርገን አስቀመጥናት። ዐይኖቿን ጨፈነች። ደከማት አልን።

ጋሼ እሑድ እሑድ ይመጣል። አንድ እሑድ ያን ቃል ወጥ ቤቱ ስክሪን ላይ አንብቦ ሹካውን አስቀመጠ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምትለው» አልኩት።

«ጫማ፣ መስኮት? ነገሩ አልገባችሁም እንዴ? ልትወጣ ነው የምትፈልገው። በመስኮት።» ፊቱ አመድ መሰለ። «አንቺ ፀጉር ቤት ነሽ። ይሄ ደግሞ እዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ብትወድቅ ማን ያያታል?»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። የጋሼ ነገር ቢያናድደኝም ፍርሃቱ ፍርሃቴ ነበር፤ ፀጉር እያጠብኩ ስንት ጊዜ ሐሳቤ ወደዚያ መስኮት ይሄድ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ጋሼ አሰማራ፤ የአረጋውያን ማረፊያ ፈለገ፣ ቦታ አገኘ፣ አንድ ቀንም እሷን በወንበር እየገፋ ወስዶ አሳያት። የመግቢያው ወረቀት ላይ «ራሷን አታውቅም» ብሎ አስሞላ፤ ራሳቸውን የማያውቁት የሚያድሩት ለብቻ በተቆለፈ ክፍል ነው። እማ፣ የከተማውን ስልክ ሁሉ በቃሏ ታውቅ የነበረችው፣ ራሷን አታውቅም ተባለች።

ጭምቱ ያን ቀን «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አለ። «ቃላት ስላነሷት ይሆናል። ብጨምርላት ትሻሻላለች።» እና ጨመረላት። አበባ ጨመረ፣ ደመና ጨመረ፣ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ጨመረ፤ ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ በር፣ ቁልፍ። በሩን ዘግቶ ሲሠራ ይውላል። የኮምፒውተሩ ቁልፎች ድምፅ በግድግዳው ያልፋል፤ ስስ ግድግዳ ነው፣ ማስነጠስ እንኳ ይሰማል። ከሥራ ስመለስ የማገኘው ያው ነው፦ እሱ በዚያ ወገን ጀርባውን ሰጥቶ፣ እሷ በዚህ ወገን ያን ግድግዳ እያየች። ምሳቸውን ለየብቻ በልተው ሳህኖቹ ለየብቻ ተቀምጠዋል። የሁለቱም ሳህን ግማሽ ግማሹ ተትቷል።

ጨመረላት እንጂ አልተሻሻለችም። ቃል በበዛ ቁጥር ዝብርቅርቁ ባሰ። ቀስ በቀስ ረጅም ነገር ማለቱን ተወችው፤ ውሃ፣ መብራት፣ ሽንት ቤት፣ በቃ። ከሰዓት በኋላዋን ብቻ አልተወችም። ልጄ፣ ጫማ፣ መስኮት።

የምትሄድበት ቀን እኔ ፈቃድ ወስጄ ዕቃዋን ሳሽግ አረፈድኩ። ጋሼ ከምሳ በኋላ መኪና ይዞ ይመጣል። ሰሌዳውን ይዛ ትሂድ፣ ማረፊያውም ውስጥ የሚያነቡላት ስክሪን ያስፈልጋል ተብሎ የወጥ ቤቱን ስክሪን ከግድግዳ ነቀልኩት። የማስቀምጥበት ብፈልግ ወለሉ ሁሉ ሻንጣና ካርቶን ነው፤ እግሯ ሥር፣ አልጋው ላይ፣ ፊቱን ወደሷ አድርጌ አስደገፍኩት። በባትሪም ስለሚሠራ ሲነቀል አልጠፋም።

ሹራቧን ሳጥፍ ከአፏ የወጣ አንድ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል እማ ስክሪኑ ላይ አፍጣለች። ሰሌዳውን ነካች፤ ስክሪኑን አየች። ደግማ ነካች፤ ደግማ አየች። ከስትሮኩ ወዲህ ያን ፊት አይቼባት አላውቅም። መስመር ተሳስቶ ለማይገባው ሰው ሲገናኝ የምታሳየው ፊት ነው፣ የሥራ ፊት። እጇን ዘርግታ ቀሚሴን ያዘች፣ ጎተተችኝ። ጣቷን አንስታ ግድግዳውን ጠቆመች፤ እሱን ጥሪልኝ ማለት ነው። ለዚህ ሰሌዳ አላስፈለገም።

ጭምቱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «እማ፣ ምን ላምጣልሽ?» አለ። ሊዞር ሲል እጅጌውን ይዤ «ስክሪኑ እዚህ ነው፣ የትም አትሮጥም» አልኩት።

እማ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ለሱ እያሳየች ነካች። መጀመሪያ «ልጄ»ን። ቀጥሎ «አጠገቤ»ን። ቀጥሎ «መቀመጥ»ን። ሦስቱንም በልመና። ከዚያ አረንጓዴውን።

ስክሪኑ ላይ «ልጄ፣ ጫማ፣ መስኮት» የሚል ወጣ።

ጭምቱ ክው አለ። ጣቷን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ጣቷን አየ። ያለው ነገር «የኔ ነው» ብቻ ነው። «የኔ ነው፣ እማ። ስሕተቱ ያንቺ አይደለም። የኔ ነው።» ወለሉ ላይ፣ ካርቶኖቹ መሃል ተዘርፍጦ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፈተ።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

ያጋመስኩትን የብርጭቆ ካርቶን ጠቆመኝ። «ካርቶኑ ካልሞላ ባዶውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ጋዜጣ እጠቀጥቅበታለሁ።»

«እኔም እንደዚያ ነው። ቃሉ ልኩን ካልሞላ የሚያሽገው ኮድ ባዶውን በባዶ ይሞላዋል፣ ቀጣዩ በልኩ እንዲጀምር። የሚፈታው ኮድ ባዶውን መዝለል አለበት። የኔ ማሽን ሌላውን ሁሉ በትክክል ጽፎታል፤ ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር ሲሆን ግን መዝለሉን አልጻፈም። ጋዜጣውን እንደ ዕቃ ይቆጥረዋል። ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ያለው በሙሉ ይዛነፋል።»

«ሞክሬዋለሁ አላልክም?»

«የሞከርኩባቸው ካርቶኖች ሁሉ ሙሉ ነበሩ።» እያወራ ጣቶቹ አላረፉም። «በየቀኑ ያው ስሕተት። የታመመ ሰው እንዲህ አስተካክሎ አይሳሳትም። ሌላ ሰው ቢያሳየኝ ኖሮ ወዲያው አውቀው ነበር።»

ያረመው አንድ መስመር ነው። ያን አርሞ ማሽኑን አስነሳው፤ ማሽኑም የሁሉንም መልእክት መፍቻ እንደ አዲስ ጽፎ አወጣ። እኔ ሹራቡን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። እነዚያ ሁሉ ቀናት አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ፤ ያደረግንላት ጫማ፣ የከፈትነው መስኮት። ጣሪያው ተደርምሶ ቢጫነኝ በወደድኩ።

«በይ እማ» አላት።

ነካች። ስክሪኑ ላይ ሦስቱም በሰማያዊ ወጡ፤ «ልጄ፣ አጠገቤ፣ መቀመጥ።»

ጭምቱ ላፕቶፑን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ተነሳ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርግ አላወቀም። እሷ ደህናውን እጇን አንስታ ራሱ ላይ አደረገችው፤ ከነመንቀጥቀጡ። ያን ጊዜ ነው ሲያለቅስ ያየሁት፤ ሲያለቅስም ድምፅ የለውም።

ጋሼ የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ገባ። የሆነውን እኔ ነኝ የነገርኩት፣ በአንድ ትንፋሽ። ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔ እናቴን ራሷን አታውቅም ብዬ ፈረምኩ» አለ።

«ፈረምክ እንጂ አልሄደችም» አልኩት። «ቀረ። ሻንጣውን ፍታው።»

እማ ሰሌዳውን ነካች። ረዘም ላለ ጊዜ። ስክሪኑ ላይ «እኔ፣ መሄድ፣ መፈለግ» የሚል ወጣ።

«አሁንም አልተስተካከለም» አልኩት ጭምቱን።

ጭምቱ ግን ስክሪኑን አልነበረም የሚያየው፤ ጣቷን ነበር። «ተስተካክሏል» አለ።

እማ ቀጠለች። «እዚያ፣ ሴቶች፣ ብዙ፣ ማውራት።» ጋሼ ወስዶ ባሳያት ቀን በግቢው ፀሐይ ላይ ተደርድረው የተቀመጡትን ማለቷ ነው። ከዚያ ሌላ ጨመረች። «እዚህ፣ ግድግዳ።»

ተናደድኩ፤ አልደብቅም። ላንቺ ብሎ አይደል እንዴ ከሰው ተራ የወጣው ልላት አፌን ከፈትኩ። ጭምቱ ቀደመኝ። በዕድሜው ሳያዘጋጅ የተናገረው ያን ብቻ ይመስለኛል። «እማ፣ እኔኮ ላንቺ ብዬ ነው የምሠራው።»

«እኔ፣ ማወቅ» አለችው። በሰማያዊም በቀይም አይደለም፤ እንዲያው በተራ ጥቁር። አስከትላም «ልጄ፣ እዚያ፣ መምጣት» አለችው።

ማረፊያው ስንደርስ ነርሷ ወረቀቱን አይታ ወደ ተቆለፈው ክፍል ልትገፋት ስትል እማ ስክሪኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ስሟን፣ የልጆቿን ብዛትና የሾርባ ጨው እንደማትወድ ነገረቻት። ጋሼ እዚያው ቆሞ የፈረመውን አሰረዘ። ፀሐይ የሚመታው ክፍል ተሰጣት፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር።

አሁን ሳምንታት አልፈዋል። ከሰሌዳዋ የሚወጣው መልእክት እዚያ ያለው ስክሪን ላይ ይጻፋል፤ ለኛ ብላ የላከችው ደግሞ የጭምቱ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ነበር። «እንቅልፍ፣ ደህና።» «ሾርባ፣ ጨው፣ ለምን።» ጭምቱ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል። እሷ ሴቶቹ መሃል ናት፤ ሰሌዳውን ይቀባበሉታል፣ የማይሆን ቃል ሰካክተው ይስቃሉ። አጠገቧ ያለውን ወንበር መታ መታ ታደርግለታለች፣ ይቀመጣል። እሷ ግን ወሬ ይዛለች። ከጫጫታው መሃል ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ሲመሽ ይመለሳል።

የሥራ ጓደኞቹ ማሽኑን ተቀብለውታል። ለዓመታት «በእጅ» ያሉት አሁን በሱ ማሽን ነው የሚጻፈው። አንዱ ከሩቅ አገር «ድንቅ ሥራ» ብሎ ጻፈለት። አሳየኝ፤ «ደስ አይልህም?» ስለው ትከሻውን ነቀነቀ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ የክፍሉ በር ክፍት ነበር። አሁን አይዘጋውም። እማ የነበረችበት ክፍል አልጋው ተነጥፎ ባዶ ነው። ጭምቱ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጧል፤ ሥራ አልያዘም፣ የሷን ስክሪን ነው የሚያየው። ምንም አልተጻፈበትም።

«ተበላሸ እንዴ?» አልኩት።

«አልተበላሸም። አይቼዋለሁ፤ መስመሩ ደህና ነው።» ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «ዛሬ የምትነግረን ነገር የላትም» አለ።

ካርቶኖቹን ሳሽግ የተቀመጥኩባትን ዱካ ከእማ ክፍል አምጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኳትና ተቀመጥኩ። ከስክሪኑ ላይ ዐይኑን ነቅሎ አየኝ፣ ግራ ተጋብቶ። ከዚያ ከወንበሩ ብድግ ሊል ቃጣው።

«ምን ላምጣልሽ?» አለኝ።